የወረደው ክብደት ለምን ይመለሳል? የጨጓራ ቀዶ ሕክምና የ70 ዓመት ታሪክ

ባለፈው ሐምሌ አክስቴ ከአሜሪካ መጥታ ሰባታሚት፣ እናቴ ቤት ሰነበተች። በመጣች ማግስት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ፤ ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ቀረበ። ሴቶቹ አገላብጠው ከሳሟት በኋላ አንዷ፣ «ተመስገን! አሁን ገና ሰው መሰልሽ። ያን ጊዜ እኮ አስደንግጠሽን ነበር» አለቻት። ሌሎቹም «እውነት ነው፣ ተመችቷታል» እያሉ ተቀበሏት። አክስቴ ፈገግ አለች። ትንሽ ቆይቼ ስኒ ላመጣ ጓዳ ስገባ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ስታለቅስ አገኘኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ የምትኖረው ሚኒሶታ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት 120 ኪሎ ትመዝን ነበር፤ ስኳር በሽታ ነበረባት፣ ጉልበቷም ደረጃ አላስወጣ ብሏት ነበር። ጋስትሪክ ባይፓስ የሚባለውን ቀዶ ሕክምና አደረገችና በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ 82 ኪሎ ገባች። ጎረቤቱ «ምን ነካሽ? ታመሽ ነው እንዴ?» ያላት ያኔ ስትመጣ ነው። አሁን 94 ኪሎ ናት። እኛ ሰፈር «ወፈርሽ» ማለት «ኑሮ ተስማማሽ» ማለት ስለሆነ ሁሉም ደስ አለው። ለእሷ ግን ያ ሁሉ መቆረጥና መሰፋት ገደል የገባ ያህል ነው። «ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገው ነበር፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሆዳምነቴ ነው» አለችኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ የድኅረ ምረቃ ጥናቴም በውሃ ፍሰት ቁጥጥር ላይ ነው። ግን ያ «ሆዳምነቴ ነው» የሚለው ነገር አልዋጥልህ አለኝና ማንበብ ጀመርኩ። የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ስገባ፣ ራሳቸው ሐኪሞቹም ለብዙ ዓመታት እንደ አክስቴ ያስቡ እንደነበር አየሁ። እንዴት ሐሳባቸውን እንደቀየሩ ልንገራችሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንጀትን ማሳጠር፣ ጨጓራን ማጥበብ

ታሪኩ የሚጀምረው፣ ግጥምጥሞሽ ሆኖ፣ እዚያው ሚኒሶታ ነው። በ1954 ክሬመን፣ ሊነርና ኔልሰን የተባሉ ቀዶ ሐኪሞች አንድ ጥናት አሳተሙ። የትንሹ አንጀት የትኛው ክፍል ምን እንደሚመጥ በውሾች ላይ ሲመረምሩ ቆይተው ነበር፤ ከዚያ የተነሳው ሐሳብ ቀላል ነው። ምግብ ወደ ሰውነት የሚገባው በአንጀት በኩል ከሆነ፣ አብዛኛውን አንጀት ዘልሎ እንዲያልፍ ብናደርገውስ? የአንጀቱን መጀመሪያ ከመጨረሻው አካባቢ ጋር አገናኙት። መሃል ያለው ብዙ ሜትር አንጀት ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ።

ክብደት ቀነሰ፣ ያውም በጣም። ግን ዋጋው ከባድ ነበር፤ የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ የኩላሊት ጠጠር፣ የቫይታሚን እጥረት፣ አንዳንዶቹ ላይም ጉበት እስከ መድከምና ሞት። ስለዚህ ብዙ ሰዎች እንደገና ተከፍተው አንጀታቸው ወደ ቀድሞው ተመለሰ። አንጀቱ ሲመለስ ክብደቱም አብሮ ተመለሰ። በ1980ዎቹ ይህ ቀዶ ሕክምና ተተወ።

ሁለተኛው ሐሳብ የመጣው ከአይዋ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኤድዋርድ ሜሰን የተባለ ቀዶ ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለ፤ በጨጓራ ቁስለት ምክንያት የጨጓራቸው ከፊሉ ተቆርጦ የወጣላቸው ሰዎች በኋላ ክብደት መጨመር ያቅታቸዋል። ታዲያ ለእነዚያ ችግር የሆነው ነገር ለሌሎች መድኃኒት አይሆንም? በ1966 ከባልደረባው ከቺካሺ ኢቶ ጋር ሞከሩት፤ በዓመቱም አሳተሙት። ከጨጓራው አናት ላይ ትንሽ ክፍል ለይተው በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር አገናኙ። ጋስትሪክ ባይፓስ ተወለደ። ዛሬ በሚሠራው ላይ ያቺ የተለየች ክፍል 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ትይዛለች፤ የቡና ስኒ እንኳ አትሞላም።

ሜሰን እዚያ አላቆመም። አንጀቱን መንካት አደጋ አለው፤ ለምን ጨጓራውን ብቻ አናጠብም? ብሎ በ1980 ሌላ ዘዴ ፈጠረ። ጨጓራው በብረት ስፌት ለሁለት ይከፈልና ከላይ ያለችው ትንሽ ክፍል መውጫዋ በቀለበት ይጠብባል። በቃ። አንጀቱ እንዳለ ነው። እኔ መሐንዲስ ነኝና ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ቀላል፣ ንጹሕ፣ ሎጂክ ያለው ንድፍ ነው። ጨጓራ ከረጢት ነው፤ ከረጢቱ ካነሰ የሚገባው ያንሳል፤ የሚገባው ካነሰ ሰው ይከሳል።

ችግሩ ከሳሎን ወንበር ላይ ተነስቶ የሚሄደው ሰው ከረጢት አለመሆኑ ነው። ታካሚዎቹ በመጀመሪያ ከሱ። ከዚያ ሥጋና ዳቦ በጠባቧ በር አላልፍ ሲላቸው አይስክሬምና ሚልክሼክ እንደ ልብ እንደሚያልፍ አገኙት። ስፌቱ የተፈታባቸው፣ ትንሿ ክፍል የሰፋችባቸውም ነበሩ። ክብደቱ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ የብዙዎቹ ሐኪሞች ማብራሪያም «ታካሚው ምክር አልሰማም» የሚል ነበር። የአክስቴ ቃል ማለት ነው።

ስዊድኖቹ ቆጠሩት

እንዲህ ዓይነት ክርክር የሚፈታው በረጅም ጊዜ ቆጠራ ነው። በ1987 ስዊድኖች አንድ ትልቅ ጥናት ጀመሩ፤ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 2,010 ሰዎችን ካላደረጉ 2,037 ሰዎች ጋር እያነጻጸሩ ለዓመታት ተከታተሉ። ላርስ ሾስትሮም የመሩት ይህ ጥናት በ2007 ያወጣው ውጤት ለእኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ እምብርት ነው።

ጨጓራቸው በስፌትና በቀለበት የጠበበላቸው ሰዎች ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ በአማካይ ከመነሻ ክብደታቸው 25 በመቶ ቀንሰው ነበር። በ10ኛው ዓመት የቀረው 16 በመቶ ነው። በሚስተካከል ቀለበት ብቻ የታሰሩት ከ20 ወደ 14 በመቶ ወረዱ። ጋስትሪክ ባይፓስ ያደረጉት ደግሞ ከ32 ወደ 25 በመቶ።

ይህን በአክስቴ ቁጥር አስሉት። 120 ኪሎ የነበረ ሰው 32 በመቶ ሲቀንስ ወደ 82 ኪሎ ይወርዳል። በ10 ዓመቱ ቅናሹ 25 በመቶ ሲሆን 90 ኪሎ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ አማካይ ነው! ሰነፎቹ ተመርጠው አይደለም። ከምርጡ ቀዶ ሕክምና በኋላ እንኳ 8 ኪሎ ገደማ መመለሱ የተለመደ ነገር ነው። አክስቴ ከአማካዩ በ4 ኪሎ አለፈች። ሰው ጓዳ ገብቶ የሚያለቅስባት 4 ኪሎ።

ሌላም ጥያቄ አለ። በሁሉም ዘዴ ጨጓራ ይጠብባል። ጨጓራ ከረጢት ብቻ ቢሆን ኖሮ ውጤታቸው ተቀራራቢ በሆነ ነበር። ባይፓሱ ለምን የተሻለ ይዞ ቆየ? ከረጢቱ ላይ ብቻ ያየ ሰው ይህን መመለስ አይችልም።

በሩ ላይ ያለው ሰው

ባሕር ዳርን የምታውቁ ጨረጨራን ታውቁታላችሁ። ዓባይ ከጣና ሲወጣ ውሃው የሚለካባት ግድብ ናት። በ1996 ሥራ ስትጀምር ሁለት በሮች ነበሯት፤ በ2001 አምስት ተጨምረው ሰባት ሆኑ። ዓላማዋ ታች ላሉት የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫዎች ውሃ ማመጣጠን ነው። ከእሷ በፊት ሐይቁ ሲሞላ ብዙ ይፈሳል፣ ሲጎድል ጥቂት ይፈሳል፤ ጠያቂ የለውም። ከእሷ በኋላ ግን በሩ ላይ ሰው አለ። የሐይቁን ከፍታ ያነባል፤ እያየ ይከፍታል፣ እያየ ይዘጋል። (የጣና ውሃ ብዙው በትነት እንደሚሄድ የምታውቁ የውሃ ሰዎች፣ ለምሳሌው ስትሉ ይቅር በሉኝ።)

አሁን የሐይቁን ውሃ ለመቀነስ የፈለገ ሰው አለ እንበል። ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ወንዞች ትልቁን፣ ግልገል ዓባይን፣ ገደበ። ሐይቁ ይወርዳል። በሩ ላይ ያለው ሰው መጉደሉን ሲያይ መውጫውን ያጠብባል። እሱ ብቻ አይደለም፤ ስልክ አንስቶ ርብና ጉማራ ተጨማሪ ውሃ እንዲልኩ ያዛል። ይሄኛውን እውነተኛው ጨረጨራ አይችልም። ሰውነታችን ግን ይችላል። ረሃብ የምንለው ያ ስልክ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀዶ ሐኪሞች ያደረጉት ግልገል ዓባይን መገደብ ነበር። በሩ ላይ ሰው መኖሩን አላሰቡም። የሚገርመው ደግሞ ማስረጃው እዚያው አጠገባቸው መኖሩ ነው። ከ1954ቱ ጥናት 10 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በዚያው በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ ከስታዲየሙ ሥር ባሉ ክፍሎች ውስጥ አንሰል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት 36 ወጣት ወንዶችን አስርቦ ነበር። በሕሊናቸው ምክንያት ጦርነት አንዘምትም ያሉና ለጥናቱ በፈቃዳቸው የገቡ ናቸው። ዓላማው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተራበውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር። በ1945 ለ24 ሳምንታት የምግባቸው መጠን በግማሽ ገደማ ተቀነሰ፤ ሩብ ያህል ክብደታቸውን አጡ።

የሆነውን እዩ። ሰውነታቸው በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለው ኃይል በ40 በመቶ ገደማ ወረደ። በበጋ ይበርዳቸው ጀመር። ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ብቻ ያስባሉ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ የጀመሩም ነበሩ። ምግብ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ሆዳቸው ጢም ብሎም ረሃቡ አልለቃቸውም። ቀድሞ የተመለሰው ጡንቻ ሳይሆን ስብ ነው፤ ከመነሻ ክብደታቸው ያለፉም ነበሩ። እነዚህ ጤነኛ፣ ቀጭን፣ ጽኑ ፈቃድ ያላቸው ወጣቶች ናቸው። ሆዳም ነበሩ የሚላቸው አለ?

ሰውነት የ77ቱን ድርቅና ሰኞ የተጀመረን ዳይት ለይቶ አያውቅም። ሁለቱንም የሚያነበው እንደ ጉድለት ነው።

በሩ ላይ ያለው ሰው ከፍታውን በምን እንደሚያነብ የታወቀው ግን በጣም ዘግይቶ ነው። በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን አገኙ። የሚያመነጨው ስቡ ራሱ ነው! ስብ እንደ ጎተራ እህል ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ «ይህን ያህል አለሁ» እያለ ለአንጎል መልእክት ይልካል። ስብ ሲቀንስ ሌፕቲን ይወርዳል፤ አንጎልም ማንቂያ ይደውላል። በ1999 ደግሞ ኮጂማና ካንጋዋ የተባሉ ጃፓናውያን ግሬሊንን አገኙ። ይህኛው በአብዛኛው ከጨጓራ ወጥቶ «ብላ» የሚል ነው።

አሁን የሁለቱ ታሪኮች መንገድ ተገናኘ። በ2002 ዴቪድ ከሚንግስና ባልደረቦቹ 13 ሰዎች በዳይት ክብደት ሲቀንሱ ግሬሊናቸውን ለኩ። በ24 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ ማለትም በከሱ ቁጥር ይበልጥ እየራባቸው ሄደ። ባይፓስ ባደረጉ አምስት ሰዎች ላይ ግን ግሬሊኑ በጣም ዝቅተኛ ነበር። በኋላ የመጡ ጥናቶች በግሬሊኑ ጉዳይ ሁልጊዜ አልተስማሙም። የተስማሙበት ሌላ ነገር አለ፤ ከባይፓስ በኋላ ምግብ ፈጥኖ ታችኛው አንጀት ስለሚደርስ ጂኤልፒ-1ን የመሰሉ «ጠገብኩ» የሚሉ ሆርሞኖች ከምግብ በኋላ በብዛት ይወጣሉ።

አያችሁት? ሜሰን ከረጢት ያሳነሰ መስሎት ነበር። ሳያውቀው በሩ ላይ ያለውን ሰው ስልክ ነክቶ ነበር። ባይፓሱ ከቀለበቱ የበለጠው ለዚህ ነው። ጨጓራው እንደ እጅጌ ጠቦ ሦስት አራተኛው የሚቆረጥበት፣ ዛሬ በብዛት የሚሠራው ዘዴም ግሬሊን በብዛት የሚመነጭበትን ክፍል አብሮ ይወስዳል።

ታዲያ ለምን ይመለሳል?

ስልኩ ተነካ እንጂ አልተቆረጠም። ስብ ሲቀንስ ሌፕቲን መውረዱ አልቀረም። የሰውነት ኃይል አጠቃቀምም ይቀንሳል። በ2016 የወጣ ጥናት በአሜሪካ ቴሌቪዥን የክብደት ቅነሳ ውድድር ላይ የነበሩ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ ለካ። እነዚህ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በስፖርትና በምግብ ብቻ በአማካይ 58 ኪሎ ቀንሰው ነበር፤ 41 ኪሎው ተመልሷል። ሰውነታቸው በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለው በእነሱ መጠን ካለ ሰው ከሚጠበቀው በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያንስ ነበር። ለክብደቱ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበቃው ሰው ሩቡ ማለት ነው። ጎረቤቱ በልቶ የማይወፍርበትን እሱ በልቶ ይወፍራል።

በቀዶ ሕክምናው ላይ የሚጨመሩ ነገሮችም አሉ። ትንሿ ጨጓራ ወይም መውጫዋ በጊዜ ብዛት ትሰፋለች። አንጀቱም አዲሱን ሥራ ይለምዳል። ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ መቆንጠር ይመጣል፤ ለስላሳና ጭማቂ ያለ ተቃውሞ ያልፋል። ድብርት አለ፤ ክብደት የሚጨምሩ መድኃኒቶች አሉ። አልኮል ደግሞ ከባይፓስ በኋላ ፈጥኖ ደም ውስጥ ስለሚገባ የራሱ አደጋ አለው፤ አንድ መለኪያ አረቄ የድሮው አንድ መለኪያ አይደለም። ከሁሉም በላይ ግን ክትትል መቋረጡ ነው። አክስቴ ክብደቷ መመለስ ሲጀምር አፈረች፤ ስታፍር ቀጠሮዋን ተወች። ሁለት ዓመት ሐኪም አላየችም። ፍርዱ ራሱ በሽታውን ሲያባብስ ማየት ማለት ይህ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የመጡት እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ መርፌዎች የሚመስሉት ያንኑ ጂኤልፒ-1 ነው፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ክብደት ለተመለሰባቸው ሰዎችም ሐኪሞች ይጠቀሙባቸዋል። በ2022 የወጣ ጥናት ደግሞ መርፌውን ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ካጡት ክብደት ሁለት ሦስተኛው እንደተመለሰባቸው አሳየ። በሩ ላይ ያለው ሰው ጡረታ አይወጣም።

ይህ የአሜሪካ ጣጣ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትዘጉት። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከሚገባው በላይ ክብደት ያላቸው በ2000 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 8 በመቶ ሆኑ። በከተማ 21፣ በገጠር 4 በመቶ። በዚያው ዓመት 22 በመቶዎቹ ደግሞ ከሚገባው በታች ቀጭን ነበሩ። በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ፣ ሁለቱ አብረው ይኖራሉ ማለት ነው። «ወፈርሽ» ማለት ምርቃት የሆነበት አገር ይህን እንዴት አድርጎ እንደሚያወራው ገና አልለመደም። ቀዶ ሕክምናውም አዲስ አበባ ደርሷል። ለሚያደርጉትም፣ ከውጭ አድርገው ለሚመጡትም አንድ ነገር ልበል፤ ከባይፓስ በኋላ ቫይታሚን ቢ12 እና ብረት ዕድሜ ልክ ይመረመራሉ፣ ይወሰዳሉ። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ጾመኛ የሆነ ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር ሁዳዴን መግባት የለበትም።

አክስቴን ጣና ዳር ይዣት ሄጄ ይህን ሁሉ ነገርኳት። የስዊድኖቹን ሌላ ውጤትም ጨመርኩላት፤ ቀዶ ሕክምና ካደረጉት መካከል የሞቱት ካላደረጉት በ29 በመቶ ገደማ ያንሱ ነበር። ይህ የሆነው ክብደቱ በከፊል ተመልሶባቸውም ነው። ስኳሯ ዛሬም በአንድ ኪኒን ብቻ እንደተያዘ፣ ከሰባታሚት ታክሲ መያዣው ድረስ ሳታርፍ እንደምትሄድ አስታወስኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ፣ «ያ በር ላይ ያለው ሰውዬ፣ ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነው?» አለችና ሳቀች።

ማታ ቤት ስንመለስ እናቴ ጥብስ አቅርባ ጠበቀችን። ጎረቤቷም ነበረች፤ «አንድ ብቻ» ብላ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለችላት። አክስቴ ከጉርሻው ላይ ሥጋውን ለይታ ጎረሰች፤ እንጀራውን «በኋላ» ብላ በሳህኑ ዳር አስቀመጠችው። ከዚያ ስልኳን ይዛ ውጭ ወጣች። እዚያ ጠዋት ነበር። ቀጠሮው የተሰጣት ለጥቅምት መጨረሻ ነው።